ስለ ማንቸስተሮቹ የፍጻሜ ጨዋታ ለአባቴ

ለክቡር አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ ማለቱንና እማዬም ደህና መሆናቸውን እህቴ ነግራኝ በጣም ደስ ብሎኛል። እኛም እዚህ ማንቸስተር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስንጫወት በ2016 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድ ማንቸስተር ሲቲን ያሸነፈበትን የኤፍ ኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ አንሥተው፣ «በሊጉ ስምንተኛ የወጣ ቡድን ሻምፒዮኑን ረትቶ ዋንጫ ካነሣ፣ ዕድል ነው እንጂ ሌላ ስም አይሰጠውም» አሉኝ፤ መልስ ሳልሰጥዎም መስመሩ ተቋረጠ። የዩናይትድ ደጋፊ ነኝና ጉዳዩ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ እርስዎም የሲቲን ቅብብል ምን ያህል እንደሚያደንቁ ስለማውቅ፣ በጥድፊያ ከምመልስልዎ ረጋ ብዬ ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ያን ጨዋታ ከአንድ ዓመት በፊት ከተደረገው ለይቶ ማየት አይቻልም። የኤፍ ኤ ካፕ የመጀመሪያው ፍጻሜ እ.ኤ.አ. በ1872 ከተደረገ ወዲህ ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች ለዋንጫው የተገናኙት ግንቦት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በ12ኛው ሰከንድ የሲቲው ጉንዶጋን ኳሷን ከአየር ላይ መትቶ አስቆጠረ፤ በዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ ከዚያ የፈጠነ ግብ የለም። ብሩኖ ፈርናንዴዝ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ቢያደርገንም፣ ያው ጉንዶጋን ከዕረፍት መልስ ሁለተኛውን አስቆጥሮ ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከሽንፈቱ ይልቅ የከፋው ተከትሎት የመጣው ነው፤ ሊጉን፣ ኤፍ ኤ ካፕንና የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በአንድ ዓመት ማንሣት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በእንግሊዝ የዩናይትድ ብቻ ክብር ሆኖ ቆይቶ ነበር። ያንን ክብር ለመከላከል የነበረን የመጨረሻ ዕድል ያ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር፤ ሲቲ ግን ከሳምንት በኋላ ኢስታንቡል ላይ የጣሊያኑን ኢንተርን አሸንፎ ሦስተኛውን ዋንጫ ጨመረበት። በዚህ ከተማ የሲቲ ደጋፊ የሆነ የሥራ ባልደረባና ጎረቤት ያለው ሰው፣ ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፈው እርስዎ በደንብ ይገባዎታል፤ ጊዮርጊስ በቡና የተሸነፈ ዕለት መሥሪያ ቤት መግባት ምን ያህል ይከብድዎ እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁና።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት 17 ቀን ሁለቱ እንደገና ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ሲገናኙ፣ የዩናይትድ ሁኔታ እርስዎ እንዳሉት መጥፎ ነበር። ሲቲ በ91 ነጥብ አራተኛውን ተከታታይ የሊግ ዋንጫ አንሥቷል፤ ዩናይትድ ደግሞ 60 ነጥብ ይዞ፣ ካስቆጠረው ይልቅ የተቆጠረበት በልጦ ጨርሷል። በሊጉ ሁለት ጊዜ ተጋጥመው ሲቲ 3 ለ 0 እና 3 ለ 1 ረትቷል። በግማሽ ፍጻሜው ከኮቨንትሪ ጋር ስንጫወት ደግሞ 3 ለ 0 እየመራን 3 አቻ ሆነን፣ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ የገባብን ግብ በቪዲዮ ዳኝነት ለጥቂት ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሽሮልን፣ በመለያ ምት አለፍን። ያን ዕለት ዕድል ረድቶናል ቢሉኝ አልከራከርም።

የፍጻሜው ግን ሌላ ነው። የያኔው የዩናይትድ አሰልጣኝ ቴን ሃግ መደበኛ የመሐል አጥቂ ሳያሰልፍ፣ ፈርናንዴዝንና ማክቶሚናይን ከፊት አድርጎ፣ በሁለቱ ክንፎች ፈጣኖቹን ራሽፎርድንና ጋርናቾን አቆመ። ዓመቱን አብዛኛውን በጉዳት ያሳለፈው ሊሳንድሮ ማርቲኔዝም ከቫራን ጋር ከመካከል ተሰለፈ። የሐሳቡ መሠረት ግልጽ ነበር፤ ሲቲ ኳሱን ይያዝ፣ እኛ መሐሉን እንዝጋ፣ ኳስ በነጠቅን ቁጥር ደግሞ ከተከላካዮቻቸው ጀርባ ወዳለው ሰፊ ሜዳ እንሩጥ የሚል ነው። የመጀመሪያዋ ግብ የተቆጠረችው በዚሁ መንገድ ነው። ዳሎት ረጅም ኳስ ላከ፤ ጋርናቾ ከኋላው ሲገሰግስበት የተጨነቀው የሲቲው ተከላካይ ግቫርዲዮል ኳሷን በጭንቅላቱ ወደ በረኛው መለሳት፤ ኦርቴጋ ግን ወጥቶ ስለነበር አለፈችውና ጋርናቾ ባዶ ግብ ውስጥ አስገባት። የተከላካዩ ስሕተት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ያ ልጅ ባይሮጥ ኖሮ ግቫርዲዮል ያን ኳስ ለመመለስ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም።

ስለ ሁለተኛዋ ግብ ስጽፍልዎ አሁንም ልቤ ይሞቃል። ራሽፎርድ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ረጅም ኳስ አሻገረ፤ ጋርናቾ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ለፈርናንዴዝ ሰጠ፤ ፈርናንዴዝም ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በአንድ ንክኪ ለኮቢ ሜይኑ አሳለፈለት፤ ሜይኑም ሳያቆማት ወደ ማዕዘኑ አስገባት። አስቆጣሪዎቹ ሁለቱም ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም በክለቡ የወጣቶች ማሠልጠኛ አልፈዋል፤ ሜይኑ እንዲያውም የተወለደው እዚሁ አጠገባችን ስቶክፖርት ነው። ከዕረፍት በኋላ የሲቲው ሃላንድ የግቡን አግዳሚ መታ፤ የቡድን ጓደኛው ዶኩ በ87ኛው ደቂቃ አንድ አስቆጠረ፤ የቀሩት ደቂቃዎችም እጅግ ረጅም ነበሩ። ውጤቱ ያው 2 ለ 1 ሆኖ አሸናፊው ብቻ ተለወጠ።

አባባ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ይዘውኝ ሲገቡ፣ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ የደረጃ ሰንጠረዡን ከበር ላይ ትተን እንግባ ይሉኝ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጎረቤታሞች ሲጫወቱ አንዱ የሌላውን ድክመት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን ዕለት የዩናይትድ ተጫዋቾች በሊጉ ሁለት ጊዜ ከደረሰባቸው ሽንፈት የተማሩትን በሜዳ ላይ አሳይተዋል።

ደግሞም ሁለቱን ክለቦች የሚያስተሳስራቸው ፉክክር ብቻ አይደለም። ዩናይትድን ታላቅ ያደረጉት አሰልጣኝ ማት በዝቢ እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ ዋንጫ ያነሡት በሲቲ ማሊያ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዩናይትድ ሜዳ በቦምብ ሲመታ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1949 ድረስ በሲቲ ሜዳ በሜይን ሮድ ተጫውተዋል፤ የእኛዎቹ ተቀናቃኞች አንዱን የአዲስ አበባ ስታዲየም ለብዙ ዓመት እንደተጋሩት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የዩናይትድ ቡድን በተሳፈረበት የሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ከሞቱት መካከልም የቀድሞው የሲቲ በረኛ ፍራንክ ስዊፍት ነበሩ፤ ጋዜጠኛ ሆነው ከዩናይትድ ጋር ይጓዙ ነበር። ይህን ከቀድሞ ያውቁት እንደሆነ ይንገሩኝ።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛዋን ግብ ከራሽፎርድ እግር ጀምሮ በስልኩ ደጋግሞ ያሳይዎ። ከዚያ በሚቀጥለው ስንደዋወል፣ ከእነዚያ ቅብብሎች የትኛው ዕድል እንደሆነ ይንገሩኝ፤ እስከዚያው መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ
ማንቸስተር