«ተገኘበት» እና «ገደለው» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቱታንካሙን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወጣቱን ፈርዖን የገደለው ወባ መሆኑ «ተረጋግጧል» ይላል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት በማይክሮስኮፕ የወባ ተውሳክ ስፈልግ የኖርኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያቺ አንዲት ቃል እንቅልፍ ስለነሳችኝ ነው ይህን የምጽፈው።

በ1979 ዓ.ም. ጋምቤላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ግንቦት ላይ አንዲት እናት አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ መጣች። ጣቱን ወግቼ ደም ወሰድኩ፣ ስላይዱን በጂምሳ ቀለም ነክሬ አየሁት፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ተውሳክ ሞልቶበታል። ውጤቱን ጽፌ ላክሁ። ልጁ ማምሻውን ዐረፈ፤ በመዝገቡ ላይም የሞቱ ምክንያት «ወባ» ተብሎ ተጻፈ። በማግሥቱ እናትየዋ በአስተርጓሚ ስትናገር ነው ከሁለት ቀን በፊት ከማንጎ ዛፍ ላይ መውደቁን የሰማነው። ሆዱ ተነፍቶ እንደነበርና ግራ ጎኑን ሲነኩት ይጮህ እንደነበር የጤና ረዳቱ ያን ጊዜ አስታወሰ። ወባ የሚመላለስበት ልጅ ጣፊያው ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ሲወድቁ ሊፈነዳ ይችላል። ታዲያ ልጁን የገደለው ወባው ነው ወይስ መውደቁ? አስከሬኑ አልተመረመረም፤ መዝገቡም እንደተጻፈ ቀረ። እኔ የጻፍኩት ውጤት ትክክል ነበር። ልጁ ለምን እንደሞተ ግን አይናገርም ነበር። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ተቃራኒውንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለቅኝት ወደ መንደር ወጥተን ከጤነኞች ደም ስንወስድ፣ ምንም ሳያማቸው እየሠሩና እየሳቁ የሚውሉ ጎልማሶች ደም ውስጥ ያው ተውሳክ ይገኝ ነበር።

አሁን ወደ ፈርዖኑ ልመለስ። እንግሊዛዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ሃዋርድ ካርተር መቃብሩን በግብፅ የነገሥታት ሸለቆ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1925 የሰውነት አካል ጥናት ባለሙያው ዳግላስ ዴሪ ከግብፃዊው ሐኪም ሳሌህ ቤይ ሐምዲ ጋር ሆኖ አስከሬኑን መረመረ። በቀብሩ ጊዜ የፈሰሰበት ሙጫ ከሣጥኑ ጋር አጣብቆት ስለነበር በጋለ ቢላ እየቆራረጡ አወጡት፤ ራሱም ከአንገቱ ተለየ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መርማሪ ሁሉ ስለዚህ አካል ሲጠይቅ የኖረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ስብራት ሰውዬው በሕይወት ሳለ የደረሰበት ነው፣ አስከሬኑን ያደረቁት ሰዎች ያደረጉት ነው፣ ወይስ በ1925 የመጣ?

በ1968 ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ባለሙያዎች ራጅ ሲያነሱት በራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ታየ። ከኋላ በኩል ተመትቶ ተገደለ የሚለው ወሬ ከዚህ ተነሥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ። በጃንዋሪ 2005 ሲቲ ስካን በተጎታች ተጭኖ ሸለቆው ድረስ ሄደና 1,700 ያህል ምስል ተነሣ። ግብፃውያን አስከሬን ሲያደርቁ በራስ ቅሉ ውስጥ ፈሳሽ ሙጫ ያፈሱ ነበር። አጥንቱ ሰውዬው ሳይሞት ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሙጫው ሲደርቅ ስባሪዎቹን ይዞ በቀረ። እነርሱ ግን ከሙጫው ውጭ ልቅ ሆነው ተገኙ። እንግዲያው የተሰበሩት ከቀብሩ ዝግጅት በኋላ ነው፤ የግድያው ወሬም ወደቀ። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ የትኛው እንደቀደመ፣ ሙጫው ወይስ ስብራቱ፣ መለየት ተችሏል! አንባቢዎቻችሁ ይህን ቢያውቁት ምንኛ ጥሩ ነበር። በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድም መስመር አላገኘሁበትም።

በዚያው ምርመራ የግራ ጭኑ አጥንት ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ተሰብሮ ታየ። ሙጫው ወደ ስብራቱ ዘልቋል፤ አጥንቱ የመግጠም ምልክት ግን የለውም። ስለዚህ ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት የደረሰበት ሊሆን ይችላል ተባለ። ከቡድኑ ውስጥ ግን ይህንንም የካርተር ሰዎች ያደረሱት ነው ያሉ ነበሩ።

ወባው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2010 በግብፃዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ በዛሂ ሐዋስ የተመራው ቡድን በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ ከነገሥታቱ ቤተሰብ ሙሚዎች፣ ማለትም ደርቀው ከተቀመጡት አስከሬኖች፣ በአራቱ ላይ የፋልሲፓረምን ዲኤንኤ አገኘ፤ አንዱ ቱታንካሙን ነው። የግራ እግሩ አጥንትም ደም እያጣ ይሞት እንደነበር አዩ፤ በመቃብሩ ውስጥ የተገኘውን 130 ያህል ዱላና ምርኩዝ ከዚሁ ጋር አያያዙት። የአጥንቱ ሕመምና ወባው ተደራርበው ሳይገድሉት አይቀሩም ብለው ደመደሙ። ያሉት «ሳይገድሉት አይቀሩም» ነው። «ተረጋግጧል» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። በዚያው ዓመት ሃምቡርግ ከሚገኘው የበርንሃርድ ኖክት የሐሩር ክልል ሕክምና ተቋም ሁለት ተመራማሪዎች መልስ ጻፉ። ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሰውነቱ ተውሳኩን መቋቋም ተለማምዷል፤ የአጥንቱን ሁኔታ ይበልጥ የሚያስረዳው ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ነው አሉ። የጋምቤላን መንደሮች ያየ ሰው የመጀመሪያውን ነጥባቸውን በቀላሉ ይረዳል።

«ገደለው» ማለት የሚቻልበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ሌላውን የግብፅ ፈርዖን ራምሴስ ሣልሳዊን ተመልከቱ። በእልፍኙ ሴራ እንደተጠነሰሰበት፣ ልጁ ጴንታዌርና ሴረኞቹ እንደተፈረደባቸው ዛሬ ቱሪን በሚገኘው የፍርድ ፓፒረስ ላይ ተጽፏል። ሴራው ተሳክቶ ነበር ወይ የሚለው ግን ሲያከራክር ኖረ፤ የአንገቱ መጠቅለያ ስላልተፈታ ቁስሉን ያየ አልነበረም። በ2012 የታተመው የሲቲ ስካን ውጤት መጠቅለያው ሳይፈታ ውስጡን አሳየ፦ ከማንቁርቱ በታች ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ የአየር ቧንቧውንና ትልልቆቹን የደም ሥሮች በጥሶ እስከ አጥንቱ የዘለቀ ቁርጥ። አስከሬኑን ያዘጋጁት ሰዎች በቁስሉ ውስጥ የሆሩስ ዓይን የተባለውን ክታብ አስገብተውበታል፤ በወዲያኛው ዓለም እንዲፈውሰው ይመስላል። ከእንዲህ ያለ ቁርጥ ማንም አይተርፍም። በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ በ1991 አስከሬኑ የተገኘው፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ኦትዚ የተባለው ሰውም ደክሞት በብርድ የሞተ ሲመስል ቆይቶ፣ በግራ ትከሻው ውስጥ የቀስት ጫፍ የታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

የራሳችን ድንቅነሽ፣ ሙሚ ባትሆንም፣ እዚህ ክርክር ውስጥ አለች። በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን አጥንቶቿን በሲቲ ስካን አይተው ከዛፍ ወድቃ ሞተች አሉ። ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰን ደግሞ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት ቅሪት ላይም እንደሚታይ ጠቅሰው ተቃወሙ። ያን ዜና ሳነብ የማንጎው ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ላይ ወባ በቱታንካሙን ላይ መገኘቱን፣ የሞቱ ምክንያት ግን አሁንም የሚያከራክር መሆኑን የሚገልጽ እርማት አውጡ። ቦታ ቢጠባችሁ አንድ መስመር ይበቃል፤ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን እንጂ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከባሕር ዳር