የአፕል የአካባቢ ጥበቃ ጥረት ድሬዳዋ ሲደርስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አፕል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ስለሚያደርገው ጥረት በጋዜጣዎ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ኩባንያው ከምርት እስከ አጠቃቀም ያለውን የካርቦን ልቀት እስከ 2030 አካክሶ ዜሮ ለማድረስ እ.ኤ.አ. በ2020 ቃል መግባቱ፣ በ2025 ባወጣው ሪፖርትም ከ2015 ጋር ሲነጻጸር ልቀቱን ከ60 በመቶ በላይ መቀነሱን ማስታወቁ የሚናቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ውስጥ በስልክ ጥገና የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ ስልኩ ከመጀመሪያው ገዢ እጅ ከወጣ በኋላ ስለሚኖረው ዕድሜ ምንም አለመነሣቱ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ታይቶኛል።

ኩባንያው ስለ ምርቶቹ ከሚያወጣቸው መግለጫዎች እንደምንረዳው፣ አንድ አይፎን በዕድሜ ዘመኑ ከሚያስከትለው ልቀት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሚወጣው ገና ሲመረት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት አገልግሎ ሊጣል የነበረ ስልክ ተጠግኖ ስድስት ዓመት ቢያገለግል፣ በመካከሉ ሊመረት የነበረ አንድ ሌላ ስልክ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሚሸጡት አይፎኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። እነዚህን ስልኮች በሥራ ላይ የሚያቆያቸው የጠጋኙ ሙያ በማንም ሪፖርት ውስጥ አይቆጠርም።

በእኛ ከተማ ስልክን ቶሎ የሚገድለው ባትሪው ነው። ኩባንያው ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት እንድንጠቀምበት ይመክራል፤ የድሬዳዋ ቀትር ግን በግንቦትና በሰኔ ከዚህ ያልፋል፣ ቀኑን ሙሉ በባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው የሚውል ስልክማ ከዚያም በላይ ይግላል። አብጦ ስክሪኑን ከጎን ገፍቶ ያስነሣ ባትሪ ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው። ባትሪውን ከስልኩ ጋር ያጣበቀው ሙጫ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚደርቅ፣ ለመሳቢያ ተብሎ የተሠራው ስስ ልጣጭ መሀል ላይ ይበጠስና ያበጠውን ባትሪ በፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያሉ መፈልቀቅ ግድ ይሆናል፤ እጅ ከከበደና ባትሪው ከተበሳ እሳት ያነሣል። በ2024 በወጡት አይፎን 16 እና 16 ፕላስ ላይ ግን ይህ ሙጫ 9 ቮልት ኤሌክትሪክ ለደቂቃ ተኩል ያህል ሲሰጠው በራሱ እንዲለቅ ተደርጓል። ብዙ ያልተወራለት ይህ ሥራ በእኔ ዐይን ከብዙዎቹ የኩባንያው ማስታወቂያዎች ይበልጣል።

በአንጻሩ ብዙ የተወራለት የቻርጀሩ ጉዳይ ነው። ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ቻርጀር ከካርቶኑ ወጥቷል፤ ካርቶኑ በማነሱ በአንድ የጭነት መደብ ላይ 70 በመቶ ተጨማሪ ስልክ እንደሚጫን ኩባንያው ገልጾ ነበር። መሳቢያው በቻርጀር ለሞላ ሰው ውሳኔው ልክ ነው። እዚህ ግን ገዢው ወዲያው ወጥቶ በርካሽ ኮፒ ቻርጀር ይገዛል፤ እሱም መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይቃጠላልና ሌላ ይገዛል፤ አንዳንዴም የስልኩን ቦርድ ይዞ ይሄዳል። ከካርቶኑ ተቀነሰ የተባለው ቆሻሻ በዚህ በኩል ተመልሶ ይገባል።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያው በ2023 አንዳንድ የእጅ ሰዓቶቹን «ከካርቦን ነጻ» ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ያልቀነሰውን ልቀት ለማካካስ ከተማመነባቸው ሥራዎች አንዱ ፓራጓይ ውስጥ በኪራይ መሬት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነበር። የጀርመን የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በነሐሴ 2025 ይህን ማስታወቂያ ከልክሏል፤ ምክንያቱም የአብዛኛው መሬት የኪራይ ውል በ2029 ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ዛፉ ስለመቆየቱ ዋስትና የለም። የሐረርጌ ገበሬ ባሕር ዛፍ ለምን እንደሚተከልና መቼ እንደሚቆረጥ ስለሚያውቅ በፍርዱ የሚደነቅ አይመስለኝም።

ወደ መለዋወጫው ስመለስ፣ ለብዙ ዓመታት ከአንድ ስልክ ተፈትቶ ሌላው ላይ የተገጠመ ኦሪጅናል ስክሪን እንኳ «የማይታወቅ ዕቃ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ኩባንያው በ2024 ከአይፎን 15 ጀምሮ ያገለገሉ ኦሪጅናል ዕቃዎችን እንደሚቀበል አስታውቋል። እርምጃው በጎ ነው፤ ሆኖም እኛ ጋ የሚጠገኑት በአብዛኛው ከዚያ በፊት የወጡ ስልኮች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ወዲህ ለሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች አምራቹ ሽያጩን ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እነዚያ ስልኮች አርጅተው ወደ እኛ ሲመጡ መለዋወጫው አብሮ ካልመጣ ሕጉ የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ ነው።

በ2022 ዓለም ላይ ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ስለመዋሉ ማስረጃ ያለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥታለች። እኔ ግን እስካሁን ያበጡ ባትሪዎችን አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከማስቀመጥ ሌላ መላ አላገኘሁም፤ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚጥሉም አሉ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዟቸው ይሄዳል።

ስለዚህ ጋዜጣዎ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ሲጽፍ፣ አፕልንም ሆነ እዚሁ አገር ውስጥ ስልክ የሚገጣጥሙትን አምራቾች ሁለት ነገር እንዲጠይቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ኦሪጅናል ባትሪና ስክሪን በየት በኩል፣ ለስንት ዓመትስ ድሬዳዋ ይደርሳል? የሞተውን ባትሪ ደግሞ ማን፣ የት ይረከበናል?

ከአክብሮት ጋር፣
የስልክ ጥገና ባለሙያ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ