ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፦ «አቁሚው» ብቻ አይበቃም

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ለዓመታት ሶዲየም ቫልፕሮኤት ስትውጥ ኖራለች፤ ተሽሏትም ነበር። ትዳር ስትይዝ እንኳ «ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ባለሙያ የለም።

ካቻምና አረገዘች። በሦስተኛው ወር ክትትል ስትጀምር መድኃኒቷን ያዩት ባለሙያ «ይሄ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም፣ አቁሚው» አሏት። በቃ። ምትክ አልታዘዘላትም፤ ወደ ነርቭ ሐኪምም አልተላከችም። በአምስተኛው ቀን ቡና እያፈላች ጣላት። ክንዷ ፍሙ ላይ አረፈ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ባለሙያው የነገሯት እውነት ነው። ቫልፕሮኤት ከሚወስዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ልጆች አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል። ከ10ሩ ሦስቱ ወይም አራቱ በንግግር፣ በትምህርት ወደኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ መክሯል። ግን መድኃኒቱን በአንዴ መተውም አደጋ ነው። የማያባራ መንቀጥቀጥ እናትን ሊገድል ይችላል፤ ጽንሱም አይተርፍም ይሆናል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። መድኃኒቱ ሊጎዳው የሚችለው፣ የጽንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚያድግበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በሦስተኛው ወር የመጣው «አቁሚው» ለዚያ ጉዳት አልፎበታል።

ስለዚህ ጥያቄው ከእርግዝና በፊት ይምጣ። መድኃኒቱ ገና ሲታዘዝ፣ ከዚያም በየቀጠሮው፣ በየጤና ጣቢያው። ልጅ የምታስብ ሴት ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ቀድማ ትጀምር፤ መድኃኒት መቀየር ካለበትም በሐኪም እጅ፣ ቀስ ተብሎ ይቀየር። ሳታውቅ ያረገዘች ደግሞ «አቁሚ» ከመባሏ በፊት በዚያው ሳምንት ስፔሻሊስት ታግኝ። ማስጠንቀቂያውም በምታነበው ቋንቋ ይጻፍላት። እንክብሉ ተቆጥሮ በትንሽ ፖስታ ሲሰጣት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት እንኳ አይደርሳትም።

ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሲታም የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ለጽንስ ከቫልፕሮኤት በጣም የተሻሉ ናቸው። እባካችሁ ከአዲስ አበባ ውጭም ይግቡ።

እህቴ በሰላም ተገላግላለች። ልጇ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሁለተኛ ልጅ ትፈልጋለች። ሐኪም ሌቬቲራሲታም ቀይሮላታል። እሷ ያለችበት ከተማ ስለማይገኝ በየወሩ እኔ እየገዛሁ በአውቶቡስ እልክላታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ታላቅ እህቷ