ውሃ አምጣ ሲሉህ አታኩርፍ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ከጠበሉ ወዲህ ተሽሏታል። ይህን የምጽፍልህ ስለ ብስክሌት ቡድንህ ለጋዜጠኛው የሰጠኸውን ቃል እህትህ ከስልኳ ስላነበበችልኝ ነው። «ውሃ ቀጂ አደረጉኝ» ብለሃል። ከስምንቱ ተሰላፊዎች አምስቱ በአጠቃላዩ ሰዓት ለማሸነፍ ለሚፎካከረው መሪ ተመድበው፣ በሜዳው ቀን መጨረሻ ላይ ለምትሽቀዳደመው ለአንተ ነፋስ የሚከልልህ አንድ ሰው ብቻ መቅረቱ እንዳናደደህ ይገባኛል፤ ቢሆንም አታኩርፍ።

እስቲ በአሠልጣኙ ወንበር ተቀምጠህ አስብ። አንተና መሪው ስትቀነሱ በእጁ የሚቀሩት ስድስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱን ለአንተ ቢሰጥ፣ ተራራው በሚጀምርበት ቀን የአንተ ሰዎች አብረውህ ከኋላ ስለሚቀሩ መሪው በሦስት ረዳት ብቻ ይወጣል፤ ሁሉንም ለእርሱ ቢያደርግ ደግሞ በሜዳው ቀን ብቻህን የሰው ጎማ ስትከተል ትውላለህ። በሜዳው ቀንም ቢሆን መሪው ከፊት መሆን አለበት፤ ከፊቱ ሰው ወድቆ መንገድ ቢዘጋበት በተራራ ላይ በሳምንት የሰበሰበውን ሰዓት በአንድ ጊዜ ያጣዋል። የመጨረሻው ሦስት ኪሎ ሜትር ከገባ ግን ቢወድቅም ሰዓቱ አይቆረጥበትምና፣ ረዳቶቹ ፊታቸውን ወደ አንተ የሚያዞሩት ከዚያች ምልክት በኋላ ነው። ጠልተውህ አይደለም።

በ2012 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ፣ እንደ አንተ በሜዳው ቀን የሚሽቀዳደመው ማርክ ካቨንዲሽ የዓለም ሻምፒዮን ማልያውን እንደለበሰ ለጓደኞቹ የውሃ ኮዳ ሲያመላልስ ነበር፤ ቡድኑ የመጣው መሪውን ብራድሊ ዊጊንስን የአጠቃላዩን አሸናፊ ቢጫ ማልያ ሊያለብስ ነበርና። እንዲያም ሆኖ ሦስት ቀን አሸነፈ፤ በመጨረሻው ቀን ፓሪስ ላይ ባለ ቢጫው ዊጊንስ ራሱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ቀደደለት። ዓመቱ ሲያልቅ ካቨንዲሽ ቡድኑን ለቀቀ። መልቀቅ ነውር አይደለም፤ እርሱ ግን የለቀቀው ውሃውን ካመላለሰ በኋላ ነው። በ2022 ቫን አርት ለአረንጓዴው ማልያ ነጥብ እየሰበሰበ መሪውን ቪንጌጋርድን ተራራ ላይ ጎተተው ብለህ እንዳትከራከረኝ፤ እርሱ ዳገት ይወጣል፣ አንተ የእንጦጦን ዳገት እንኳ እያለቀስክ ነበር የምትወጣው። ቢንያም ግርማይ በ2024 አረንጓዴውን ሲለብስ እኔም አልቅሻለሁ፤ ነገር ግን የእርሱ ቡድን ቢጫውን ሊያሸንፍ የሚችል ሰው አልነበረውም።

ቡፌው ላይ ያለውን ዋንጫ ለምን እንደማልነካው ጠይቀኸኝ አታውቅም። በ1979 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ናዝሬት ስንወዳደር፣ ጠዋት አሠልጣኛችን «ዛሬ ለእርሱ ትሠራለህ» ስላለኝ አኩርፌ ነበር የተነሣሁት። ሞጆን እንዳለፍን የመሪያችን ጎማ ፈነዳ። ጎማዬን ፈትቼ መስጠት የእኔ ሥራ ነበር፤ እጁን ሲያነሣ በዓይኔ አይቼው እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ናዝሬት አንደኛ ገባሁ። እርሱ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰና በአጠገቤ ሲያልፍ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ በፊት አንድ ሳህን ላይ እንበላ ነበር። አንተ ስትወለድ የክርስትና አባት እንዲሆንህ ሽማግሌ ልኬበት እንደነበር እናትህ ታውቃለች፤ መልስ አልሰጠም። ባለፈው ጥር ስንቀብረው ከሰው ኋላ ቆሜ ነው የሸኘሁት።

ስለዚህ አታኩርፍ እልሃለሁ። የሚያስከፋህን ለአሠልጣኝህ በር ዘግተህ ንገረው እንጂ ለጋዜጠኛ አትንገር። አዲሱን ውል ከመፈረምህ በፊት በሜዳው ቀን ስንት ሰው እንደሚሰጥህ ጠይቅና ገጾቹን ሁሉ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የአጎትህ ልጅ ጠበቃ መሆኑን አትርሳ። ባለፈው ወር የወደቅህበት የራስ ቁር ስንጥቅ ባይታይበትም ጣለው። እሑድ እሑድ ለእናትህ ደውል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሚመጣው ሰው በሶ ልካልሃለች። ለሁለት ከፍላ ነው ያሰረችው፤ ትንሹ ለመሪህ ነው፣ በማር እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየው።

አባትህ