ለመጀመሪያ ድምፅሽ

ልጄ፣

በኖቬምበር 28 ቀን 2026 በሚደረገው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ስቴት ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ትሰጫለሽ። ሰሞኑን ለጓደኛሽ «ፉትስክሬይ ምን ምርጫ አለው? ያው ሌበር ያሸንፋል» ስትዪ ሰማሁሽ። በሜልበርን ያለው የፉትስክሬይ ምርጫ ክልል መቀመጫ ለረጅም ዘመን ከሌበር ፓርቲ እጅ ወጥቶ አያውቅም፣ እውነትሽን ነው። ግን ነገሩን እዚያ ላይ እንድትዘጊው አልፈልግም።

እኛ ሀበሾች ፖለቲካ ሲባል ዓይናችን ካንቤራ ባለው የፌዴራል መንግሥት ላይ ነው። ቪዛውም ዜግነቱም ከዚያ ስለሚመጣ አይፈረድብንም። ሆስፒታሉ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፣ ባቡሩ፣ ፖሊሱና የመንግሥት ቤቱ ግን በዋናነት የስቴቱ ጉዳይ ናቸው። በቪክቶሪያ የታችኛው ምክር ቤት 88 መቀመጫ አለ፤ የፉትስክሬይ አንዱ ነው።

ከማሪቢርኖንግ ወንዝ ማዶ የሆነውን አስታውሺ። ጁላይ 4 ቀን 2020 በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉ 9 ረጃጅም የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች በኮሮና ምክንያት በድንገት ተዘጉ። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ተዘጋጁ ሳይባል ቤቱ ተቆለፈበት፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ። ከነዚያ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ምግብና መድኃኒት ለማድረስ ተሯሩጠው ከተሰለፉት መካከልም የኛው ሰፈር ወጣቶች ነበሩ። ይህን ያዘዘው ካንቤራ አይደለም፤ ስፕሪንግ ስትሪት ላይ ያለው የስቴቱ መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት የስቴቱ እንባ ጠባቂ መርምራ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መዝጋቱ የነዋሪዎቹን ሰብዓዊ መብት የጣሰ ነበር አለች። በ2023 ደግሞ ያው መንግሥት በሜልበርን ያሉትን 44 ረጃጅም የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚሠራ አስታወቀ። እዚያ ያደጉ ልጆች የት ይሄዳሉ? ተመልሰው ይገባሉ ወይ? ይህን ጠይቆ መልስ የሚያመጣው የስቴት ተወካይ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሊለምንሽ የሚመጣውን ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቂው።

አሸናፊው አስቀድሞ ቢታወቅ እንኳ ድምፅሽ ከንቱ አይቀርም። ለታችኛው ምክር ቤት በምትሞዪው ወረቀት ላይ 1 ብሎ መተው የለም፤ ለዕጩዎቹ ሁሉ በምርጫሽ ቅደም ተከተል ቁጥር ትሰጫለሽ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የእሱ ድምፅ ለሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ይቆጠራል። ስለዚህ ማሸነፍ የማይችለውን ዕጩ አንደኛ ብታደርጊም ድምፅሽ አይጣልም። ያሸነፈው ፓርቲም ሕዝቡ ከእሱ በፊት ማንን እንዳስቀደመ ቁጥሩን ያያል። ልዩነቱ ሲጠብ ወንበሩን የሚንቅ ፓርቲ የለም። በምርጫ ጣቢያው በር ላይ የሚያድሉሽ «እንዲህ ምረጡ» የሚል ካርድ ደግሞ የፓርቲው ምክር ነው፤ መከተል ግዴታሽ አይደለም።

እኔ በምርጫ 97 ሰልፉ መንገድ ሞልቶ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ሰዓታት ሲቆም አይቻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ድምፁን ምን ያህል ይፈልገው እንደነበር ስለማውቅ ነው እንዲህ የምጨቀጭቅሽ።

አሁን ስምሽ መዝገብ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። ከጓደኞችሽ ጋር ቤት ከተከራየሽ አድራሻሽን ቀይሪ፤ የምርጫ ክልልሽ ሌላ ሊሆን ይችላል። ማንን እንደመረጥሽ ለእኔ መንገር የለብሽም። እኔ የመረጥኩትን ስለመረጥኩ ብቻ እንዳትመርጪ ግን አደራ።

እናትሽ