አባባ፣ የእንጨት ፈረስ ጋልቤ መጣሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እዚያ አገር ለሽማግሌ ምን የሚታይ አለ?» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠብንና ሳልመልስልዎት ቀረሁ። መልሴ ይኸውልዎ።

ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ግሌን ኤኮ ወደሚባል መናፈሻ ሄድን። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ከዋሽንግተን ብዙም አይርቅም፣ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ። መጸው ገብቶ የዛፉ ቅጠል ጫፍ ጫፉን ቢጫ ማለት ጀምሯል። የቸኮልነው ካሩሰሉ ሴፕቴምበር ሲያልቅ ስለሚዘጋና እስከ ጸደይ ስለማይከፈት ነው። ካሩሰሉን መቼም በፊልም አይተውታል፤ የእንጨት እንስሳት ተሰክተውበት ሰው ጭኖ የሚሽከረከረው መድረክ ነው። ይኼኛው በ1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፊላዴልፊያ ከነበረው የዴንትዘል ፋብሪካ የወጣ ነው። 40 ፈረስ አለው፤ ጥንቸል፣ ሰጎን፣ ቀጭኔና አንበሳም አሉበት።

የአናጢ ልጅ አይደለሁ? ዐይኔ ቀድሞ የሄደው መጋጠሚያው ላይ ነው። ፈረሱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ አይደለም። ጣውላ በጣውላ ላይ በኮላ ተጣብቆ ከዚያ በመሮ የተቀረጸ ነው፤ ሆዱም ባዶ ነው። ድፍን ግንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ይሉ የለ? እነሱም ያንኑ ያውቁ ነበር። ደግሞ ብልጠታቸው! የአሜሪካ ካሩሰል የሚዞረው በሰዓት ተቃራኒ ስለሆነ፣ ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው የፈረሱ ቀኝ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ አበባው፣ ዘለበቱ፣ የተነሰነሰው ጋማ ሁሉ በቀኝ በኩል ነው። ግራውን ለወጉ ያህል ነክተው ትተውታል። እርስዎን የማውቅዎት ግድግዳ ላይ የሚጠጋ የቁም ሣጥን ጀርባ ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ነውና ቢያዩት መናደድዎ አይቀርም። እኔ ግን አልፈረድኩባቸውም፤ 52 እንስሳ ቀርጾ ማስረከብ ቀላል አይደለም።

ሙዚቃው ከ1926ቱ የዉርሊትዘር ኦርጋን ይወጣል። የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል እያነበበ ራሱ ይነፋል፣ ራሱ ከበሮ ይመታል። ጆሮ ያደነቁራል።

ባልደረባዬ ቀጭኔዋን ልጆች ቀደሙትና ሰጎን ላይ ወጣ። ቢሮ ውስጥ ጥርሱ የማይታይ ሰው፣ እዚያ ላይ ኮስተር ብሎ ሲዞር ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስንወርድ ግን የነገረኝ ነገር ሳቄን አጠፋው። መናፈሻው ድሮ ጥቁር አያስገባም ነበር። ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ገብተው እነዚሁ እንስሳት ላይ ተቀመጡ። ቲኬታቸውን ነጭ ደጋፊዎቻቸው ገዝተው ሰጥተዋቸዋል። ጥበቃው ውረዱ ሲላቸው እምቢ አሉ፤ አምስቱ ታሰሩ። ያን ሰሞን ከሰፈሩ ነጮች ጋር ሆነው በሩ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ በ1961 መናፈሻው ለሁሉም ተከፈተ። የአምስቱንም ፍርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ሻረው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ግዌንዶሊን ብሪት፣ ኋላ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ሆናለች። «ለመጫወቻ ብሎ ይታሰራል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔን የገረመኝ ግን መጫወቻውን እንኳ የከለከለ ሰው ነው።

መናፈሻው በ1968 ተዘጋና ካሩሰሉ ተሸጦ ሊነቀል ሲል፣ የአካባቢው ሰው 80,000 ዶላር አዋጥቶ አስቀረው። ቀለሙንም አንዲት ባለሙያ የተደራረበውን እየፋቀች ወደ ጥንቱ መልሳዋለች፤ ሥራው ወደ 20 ዓመት ፈጀባት። ከእርስዎ በላይ ትዕግሥት ያለው ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እና አባባ፣ ጉልበቴ አያወጣኝም ብለው ሰበብ እንዳያመጡ። ከፍ ዝቅ የማይል፣ እንደ አግዳሚ ወንበር የሚቀመጡበት ሠረገላ አለው። ጸደይ ላይ ሲከፈት አብረን እንሄዳለን፤ ግራውን ጎን እርስዎ ይመርምሩት፣ እኔ ቀኙን አያለሁ። ፓስፖርትዎ ጊዜው ሊያልፍ ነው አሉ፤ ወንድሜ በዚህ ሳምንት ይዞዎት ይሂድና ያሳድስ። እስከዚያው አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ በዚያ ዘመን ኮላ የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነበር፤ እርጥበት ባለበት አገር ይኼን ሁሉ ዓመት እንዴት ያዘ?

አክባሪ ልጅዎ