የታሪክ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ በልብስ ማስጫ ገመድ የለካነው እርሻ

«የጥንት ግሪኮች እርሻ ለእኛ ልጆች ምን ይረባቸዋል?» የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ እኔም አልከለከልኩም።

ከተማዋ ኬርሶኔሶስ ትባላለች። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ስትሆን፣ ፍርስራሿ ጥቁር ባሕር ዳር፣ ክራይሚያ ውስጥ፣ ሴቫስቶፖል ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት ሲመዘግባት እርሻዋንም ጨምሮ ነው። መሬቱ በመንገድ ተሸንሽኖ ወደ 400 ገደማ እኩል ይዞታ ወጥቶታል፤ አንዱ 630 በ420 ሜትር፣ በእኛ ከመቶ ጥማድ በላይ መሆኑ ነው። የወይን መጭመቂያዎችና የሹም ስም የታተመባቸው ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ዜጎቿ የሜዳውን እህል ወደ ሌላ ቦታ ላለመሸጥ የማሉበት ድንጋይም አለ። (የእህል ቁጥጥር ትናንት የተጀመረ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ።)

ስብሰባዎቻችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። እኔ የማልረሳው የየካቲቱን ቅዳሜ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተን አንዱን ይዞታ በገመድ ለካን። 420 ሜትሩ ወፍጮ ቤቱን አለፈ፤ 630ው ወንዙ ዳር አደረሰን። ደክሞን አረፍ እንዳልን፣ የኬርሶኔሶስ ገበሬዎች ጭንጫውን ፈልፍለው ወይን እንደተከሉ፣ ድንጋዩንም በየረድፉ መሃል እንደካቡት ነገርኳቸው። አንዱ «በድንጋይ መሃል ምን ይበቅላል!» ብሎ ሳቀ።

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች። «ቲቸር፣ አያቴ ድንጋዩን ከማሳዋ አታስለቅምም። ሥሩ እርጥብ ነው ትላለች።» ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ ገለበጠች። ዙሪያው አቧራ፣ ከሥሩ ግን ጥቁርና ርጥብ አፈር። የድንጋዩ ካብ እርጥበት ይይዝ ነበር የሚለውን የአርኪዮሎጂስቶች ማብራሪያ ልቀጥል ስል ቀደመችኝ። የሳቀውም ልጅ ሄዶ ሌላ ድንጋይ ገለበጠ።

ያልተሳካም አለ። የሙዚየም ጉብኝታችን መኪና ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ በ31 አባላት ጀምረን በ19 ጨርሰናል። የእግር ኳስ ክበቡ ማሊያ መቀየሩ ደስ ይለናል፤ እኛ የጠየቅነው ግን ባለ 50 ሜትር መለኪያ ብቻ ነበር። አሁንም እንጠይቃለን፤ ወላጆችም ብትሰሙን። ገመዱ የጥበቃችን ባለቤት ልብስ የሚያሰጡበት ነው፤ ክረምት ሳይገባ መልሱልኝ ብለዋል።